ሃይብሪድ ወይስ ናፍጣ? መሃል አዲስ አበባ ላይ በሊትር ብዙ የሚሄደው የቱ ነው

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። ታናሽ ወንድሜ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ነው። ሁለት መኪና ላይ ዓይኑን ጥሏል። አንዱ ባለ 1500 ሲሲ የቶዮታ ሃይብሪድ ነው፣ የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ ያለው ማለት ነው። ሌላው ከአውሮፓ የገባ፣ ተርቦ ያለው ባለ 1600 ሲሲ የናፍጣ የቤት መኪና ነው። በዋጋ ብዙም አይራራቁም። የሚያከራክረን ነዳጃቸው ነው።

ቤቱ ስድስት ኪሎ ነው፣ ሥራው ሜክሲኮ። ጠዋት ልጆቹን አራት ኪሎ ያደርስና በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ አድርጎ ይወርዳል። ማታ በቸርችል ጎዳና ወደ ላይ ይመለሳል። ከከተማ የሚወጣው ለበዓል ወይም ለለቅሶ አዳማ ሲሄድ ብቻ ነው።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ናፍጣ ይቆጥባል የሚባለው ውሸት አይደለም። ግን በአብዛኛው የአገር አቋራጭ እውነት ነው። መሃል አዲስ አበባ ላይ መኪና ነዳጁን የሚጨርሰው ሄዶ ሳይሆን ቆሞ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ተነስቶ በጥቁር አንበሳ በኩል ቴዎድሮስ አደባባይ እስኪደርስ ስንቴ እንደሚቆም፣ ስንቴ እንደሚነሳ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ሲቆም ሞተሩን የሚያጠፋ መኪና እዚያ ላይ መብለጥ አለበት ባይ ነኝ።

ነገሩ የቤት ወጪ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2014 ወዲህ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መጥቷል። ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። ከዚያም በኋላ ጨምሯል። የሁለቱን ልዩነት ልብ በሉ፣ ያኔ ሦስት ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ናፍጣ ርካሽ ነውና ግዛው የሚለው የድሮ ምክር እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረው በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለው ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ቁጥር ስትሰጡ የት የት እንደነዳችሁና እንዴት እንደለካችሁ አብራችሁ ጻፉ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ብቻውን አይበቃም፣ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ታንኩን ፓምፑ ቀጭ ብሎ እስኪቆም አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ያዙ። ሲጎድል እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና አስሞሉ። የሄዳችሁትን ለገባው ሊትር አካፍሉ። ሌላ ዘዴ አያስፈልግም።

መልሶቹ

የውይይቱ ክር ረዘመ። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይጠፋበት መልሶቹን በቁጥራቸው ላውጋችሁ።

1ኛ መልስ። መልካም ግዢ ተመኝቶ ናፍጣ ግዙ ብሎ ሄደ። አጎቱ ዕድሜ ልኩን ሃይሉክስ ነድቶ አልተጸጸተም። የት ነዳ፣ በሊትር ስንት ሄደ የሚለው የለበትም።

2ኛ መልስ። የሰጡት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አባት ናቸው። እዚህ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ላዳ፣ በኋላ የናፍጣ ሚኒባስ፣ ከለገሃር ፒያሳ ተመላልሰዋል። በትህትና ነው ያረሙኝ። ናፍጣ ከተማ ውስጥ አይቆጥብም ብሎ መደምደም ልክ እንዳልሆነ ጻፉ። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው ከታች፣ ገና ዙሩ ሳይጨምር ነው። በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይረገጥ ራሱን እየሳበ ይሄዳል። ከፊት ያለው መኪና ሁለት ሜትር ሲጠጋ የእሳቸው ሥራ ግራ እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ ላይ በስሱ ማንሳት ብቻ ነበር። ላዳው ግን በየመነሻው ነዳጅ ስጡኝ ይል ነበር። ጋሼ ትክክል ናቸው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየሩን የሚያንቅ ቫልቭ የለውም፣ ቆሞ ሲሠራ የሚረጨው ነዳጅ ጥቂት ነው። ከተራ የቤንዚን መኪና ጋር ከሆነ ፉክክሩ፣ ናፍጣ በጭንቅንቅም ያሸንፋል። የእኔ ጥያቄ ግን ከሃይብሪድ ጋር ነው።

3ኛ መልስ። ካዛንቺስ የምትሠራ እህት ናት፣ አኳ የምትባለውን ትንሽ የቶዮታ ሃይብሪድ ትነዳለች። ከክሩ ሁሉ የመጀመሪያው በወጉ የተለካ ቁጥር የእሷ ነው። ለወራት የሥራ ቀን መንገዷን አስሞልታ እየለካች በሊትር 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ዳሽቦርዱ 21 ይላታል። ይህን ያህል ልዩነት አይገርመኝም። ደስ ያለኝ የጻፈችው ዝርዝር ነው። መኪናው ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፣ ሰልፉ ሲንፏቀቅ በኤሌክትሪኩ ብቻ ድምፅ ሳያሰማ ይጠጋል። ሰልፉ ግን በጣም ሲረዝም የባትሪው ምልክት ይወርዳል። ሁለት መስመር ሲቀረው መኪናው እንደቆመ ሞተሩ ራሱ ተነስቶ ባትሪ መሙላት ይጀምራል። እንግዲህ ሃይብሪድ በጭንቅንቅ ነዳጅ አይነካም የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ይነካል፣ ግን እየቆጠበ ነው። ሌላው ያልጠበቅሁት ነገር የማደያ ሰልፍ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት የተሰለፈ ሰው ሞተር እያስነሳ እያጠፋ ነው የሚጠጋው። እሷ ይሄ ጣጣ የለባትም።

4ኛ መልስ። አኳ በሊትር 35.4 ኪሎ ሜትር ካልሄደ ተበላሽቷል ማለት ነው ሲል አስደነገጣት። ወረቀቱ ላይ ያየው ቁጥር ነው።

5ኛ መልስ። እዚህ ላይ ድምፁ መጠንከር ጀመረ። የጻፈው ሰው ከጃፓን መኪና የማስመጣት ሥራ የሚያውቅ ይመስላል። 35.4 የሚለው መኪናው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጄሲ ዜሮ ስምንት በሚባለው የጃፓን መለኪያ የተገኘ ነው። እሱም ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሮለር ላይ ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገት የለበትም። ጃፓኖች ራሳቸው ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ ሌላ መለኪያ ዞረዋል። ለ4ኛው ሰው ብሮሹር ይዞ የሰው መኪና ተበላሽቷል ማለት ነውር መሆኑን ነገረው። ቃሉ ከረር ያለ ነው፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። የአውሮፓ መኪናም ከዚህ አያመልጥም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ከመኪኖቹ ኮምፒዩተር ያሰባሰበውን መረጃ ሲያወጣ፣ ቤንዚኑም ናፍጣውም መንገድ ላይ የሚፈጀው ከወረቀቱ 20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ከኬብል የሚሞላው ሃይብሪድ ደግሞ በአማካይ ሦስት እጥፍ ተኩል ሆኖ ነው የተገኘው። ሰው ኬብሉን ካልሰካው በቤንዚን ነውና የሚሄደው። የወንድሜ ምርጫ ኬብል የሌለው ዓይነት ስለሆነ ይሄ እሱን አይመለከትም።

6ኛ መልስ። ኢንጂነር ነኝ ያለ ወንድም ነው። በሊትር ማወዳደሩ ከመነሻው ሚዛኑን ያዛባል አለ። አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ የያዘው ኃይል 36 ሜጋጁል ገደማ ነው፣ ቤንዚን ወደ 32። ናፍጣ በሊትር አሥር በመቶ ምናምን ቢበልጥ ታዲያ የሞተሩ ጉብዝና አይደለም፣ ነዳጁ ራሱ ከበድ ያለ በመሆኑ ነው። ስለዚህ የናፍጣውን ቁጥር ቀንሳችሁ አወዳድሩ ባይ ነው።

7ኛ መልስ። ከዚህ አጭርና ከዚህ የተቆጣ መልስ በክሩ ውስጥ የለም። ማደያ ላይ ሜጋጁል የሚሸጥለት ሰው ካለ ይምጣ፣ እሱ ግን በቴሌብር የሚከፍለው ለሊትር ነው።

ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ለኪስ የሚታሰበው ሊትሩ ነው፣ ይሄ አያከራክርም። ስለ ሞተሩ ብቃት ወይም ስለ አየሩ ከተነሳ ግን የ6ኛው ሰው ስሌት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.6 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ቤንዚኑ 2.3። በሊትር እኩል የሄዱ ሁለት መኪኖች በአየሩ ላይ እኩል አይደሉም።

8ኛ መልስ። ይሄን ማንም እንዳያልፈው። ጋራዥ ያለው ወንድም ነው የጻፈው፣ ስለ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ከወደብ ከተማ አየር ሩቡን ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ የሚያገኘው አየር ሲያንስ፣ ፖምፓው ግን የለመደውን ያህል ነዳጅ መርጨቱን ይቀጥላል። ያልተቃጠለው በጭስ ማውጫ በኩል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቸርችል ዳገት ላይ ከፊታችን የሚያጠቁረን ጭስ የተከፈለበት ናፍጣ ነው። ተርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱን በብዛት ያካክሳል። ተርቦው ግን ዙር ካልጨመረ አይነሳም። ከቆመበት ዳገት ላይ ሲነሳ ያቺ የመጀመሪያ ቅጽበት ላይ ይዳከማል፣ ሹፌሩም ይረግጠዋል። የሃይብሪዱም ቤንዚን ሞተር በከፍታው ይደክማል፣ ከዚህ አያመልጥም። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ግን አየር አይተነፍስም። ጅማ መንገድ ላይም እንጦጦ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ከቆመበት የሚያስነሳው ደግሞ እሱ ነው። በዚህ ከተማ ሃይብሪድን ከሌላው ቦታ የበለጠ የሚጠቅመው ይሄ ነው። በጃፓን ወይም በአውሮፓ ወረቀት ላይ አይገኝም።

9ኛ መልስ። 8ኛውን ደግፎ አንድ ጥሩ ማስረጃ አመጣ። የአሜሪካ መንግሥት በሚያወጣው ቁጥር ፕሪየስ የሚባለው የቶዮታ ሃይብሪድ ሁለተኛ ትውልድ ከተማ ውስጥ በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ፣ አውራ ጎዳና ላይ 19 ገደማ ነው። የሌላው መኪና ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው፣ ከከተማ ሲወጣ ነው የሚሻለው። ምክንያቱም ሌላው መኪና ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱ በሸራው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሃይብሪዱ ከፊሉን መልሶ ባትሪ ውስጥ ይከተዋል። አውራ ጎዳና ላይ ፍሬን ስለማይያዝ የሚመለስ ነገር የለም፣ የነፋሱም ግፊት ይጨምራል። እዚያ ሃይብሪድ ማለት ባትሪ የተሸከመ የቤንዚን መኪና ነው።

10ኛ መልስ። እንጦጦ ወጥቶ ሲመለስ የደነገጠ ልጅ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ ባትሪው ሞላ። ሽሮ ሜዳ ሳይደርስ ሞተሩ ድንገት ተነስቶ ማጓራት ጀመረ። ነዳጅ ሳይነካ ሞተሩ ስለጮኸ ተበላሽቷል ብሎ መንገድ ዳር አቁሞ ነበር።

11ኛ መልስ። ባለ ጋራዡ ተመልሶ አረጋጋው። ባትሪው ከሞላ የፍሬኑ ጉልበት የሚገባበት ስለሚያጣ፣ መኪናው ሞተሩን በባዶ እያዞረ ራሱን ይይዛል። ነዳጅ እየፈጀ አይደለም፣ ፍሬን እየረዳው ነው። እኔ ስሌቱን ሠራሁት። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የፕሪየስ ባትሪ በጠቅላላው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ መኪናው ከዚያም የሚጠቀመው ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው የዳገቱን ወጪ ሙሉ በሙሉ አያስመልስም። ጠዋት ከስድስት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ የሚወርድ ግን ቁልቁለቱ አጭር አጭር ነው፣ በየመብራቱም ይቆማል። ያቺ ትንሽ ባትሪ የምትሞላውም የምትጎድለውም እዚያው በእዚያው ነው። መሃል ከተማው ለዚህች ባትሪ ልክ ነው።

ከ12ኛ እስከ 15ኛ ያሉት ከመንገድ ወጡ። 12ኛው ሁለቱንም ትታችሁ ኤሌክትሪክ ግዙ አለ። በጥር 2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወሰና፣ ስለ ናፍጣና ሃይብሪድ የሚያወራ ሰው ያለፈበት ነው ሲል ተሳለቀ። 13ኛው መብራት ሲጠፋ መኪናህን በምን ትሞላለህ ብሎ መለሰለት። 14ኛው ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቮልስዋገን ቅሌት አንስቶ የናፍጣ ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ደመደመ። 15ኛው ሳያዝን አረመው። ያኔ የተደበቀው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጭስ ነበር፣ የነዳጅ ፍጆታ ያለበት ክርክር ሌላ ነው፤ ሳያነቡ መጻፍ ይብቃ አለው። ስለ ኤሌክትሪኩ እኔም ሐሳብ አለኝ፣ አገራችን መብራቷን የምታገኘው በአብዛኛው ከውኃ ነውና ትልቅ ነገር ነው። ግን ለራሱ ክር ይገባዋል። ወንድሜ የሚኖረው ግቢ ውስጥ ከሌሎች ተከራዮች ጋር ነው፣ አንድ ቆጣሪ ነው ያላቸው። በሌሊት መኪና ሰክቶ ማደር አይችልም። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው፣ ያለፈበት ስለሆነ አይደለም።

16ኛ መልስ። መምህርት ነኝ ያሉ እናት ናቸው። ስለ ሊትር አንድም ቃል አልጻፉም። አራት ኪሎ ታክሲ ሲጠብቁ የሚያድርባቸውን ሳል ነው የጻፉት። ዝናብ ሲዘንብ ልጆቹ ከመጠለያው ሥር ይሰበሰባሉ፣ የሚቆመው መኪና ጭስ ማውጫ ደግሞ በትክክል በልጆቹ ፊት ከፍታ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የናፍጣን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ያለ ጥርጥር ያመጣሉ ከሚባሉት ተርታ ውስጥ ነው። አዲሶቹ ናፍጣዎች የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው ብሎ አንድ ሰው ሊመልስላቸው ሞክሮ ነበር። አላቸው። ችግሩ ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሮጥ ነው። ከስድስት ኪሎ ሜክሲኮ እየቆመ የሚመላለስ መኪና ያን ዕድል አያገኝም። ይደፈናል፣ መብራት ያበራል። ከዚያ ባለቤቱ ጋራዥ ወስዶ ያስወጣዋል። ጭሱም ተመልሶ ልጆቹ ላይ ነው። የወንድሜ ልጆችም እዚያው አካባቢ ነው የሚውሉት። ይሄን መልስ ከሁሉ በላይ ደግሜ አንብቤዋለሁ።

17ኛ መልስ። ወደ ነዳጁ መለሰን። ከአዲስ አበባ አዳማ በክፍያ መንገዱ በናፍጣ መኪናው ሄዶ በሊትር 24 ኪሎ ሜትር እንዳገኘ ጻፈ። ሃይብሪድ ነጂዎች ይቺን ይምቷት ብሎ ፎከረ።

18ኛ መልስ። 5ኛውን የጻፈው ሰው ነው፣ አሁንም አልራራም። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች ረስተሃል አለው። ወንድምዬ እየወረድክ ነው የለካኸው፣ ሲመለስስ የት አለ?

ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ስንቱ የአዳማ ቁጥር እንዲህ ተለክቶ ይወራል። ስሌቱን ላሳያችሁ። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ወደ 9.5 ሜጋጁል ንጹሕ ጉልበት ያስፈልገዋል። ሞተር ደግሞ ከነዳጁ ውስጥ ሥራ ላይ የሚያውለው ሲሶውን ቢሆን ነው፣ የተቀረው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ዳገቱ ብቻውን አንድ ሊትር ገደማ ነዳጅ ይበላል። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ፣ በጠቅላላው አምስት ሊትር ለሚፈጅ መኪና አንድ ሊትር ቀላል አይደለም። ሲወርድ ተቀንሶለታል፣ ሲመለስ ይከፍለዋል። ደርሶ መልስ ያልሆነ የአዳማ ቁጥር ለማንም አይጠቅምም።

19ኛ መልስ። ጋሼ ናቸው። ልጃቸው ሃይብሪድ፣ የወንድማቸው ልጅ የናፍጣ መኪና አለው። ሁለቱን አዳማ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አስነድተው፣ ጠዋት የሞሉበት ማደያ ማታ ተመልሰው አስሞልተዋል። ናፍጣው በሊትር 19፣ ሃይብሪዱ 18 ሆነ። በእኔ ግምት ይሄ እኩል ማለት ነው። የጎማ ነፋስና የእግር ልዩነት ብቻውን ከዚህ በላይ ያመጣል። አንድ ነገር አከሉ። የክፍያ መንገዱ ላይ ሃይብሪዱ 100 አካባቢ ሲነዳ ጥሩ ነበር፣ 120 ሲጠጋ ግን ቶሎ ቶሎ መጮህ ጀመረ። ናፍጣው አልተሰማውም።

20ኛ መልስ። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር የሚለው አቆጣጠር ራሱ እንደሚያታልል የጻፈች ልጅ ናት። ልክ ናት። በሊትር 8 የሚሄድ መኪና ወደ 10 ቢሻሻል፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ተኩል ያተርፋል። 20 የሚሄደው ወደ 25 ቢሻሻል የሚተርፈው አንድ ሊትር ብቻ ነው፣ ምንም እንኳ ልዩነቱ አምስት ተብሎ ቢያጓጓም። የሁሉም ትርፍ ያለው ከታች፣ ብዙ በሚበሉት መኪኖች ላይ ነው። እኛ ሃይብሪድና ናፍጣ ብለን ስንፋጭ የምንከራከረው በመቶ ኪሎ ሜትር ለጥቂት ሊትር ነው። ለወንድሜ ግን ይሄም በወር ሲደመር ትንሽ አይደለም።

21ኛ መልስ። ባለ ጋራዡ ነው፣ በሃይብሪዱ ላይ ሁሉም የሚፈራውን ባትሪ አነሳ። የፕሪየስ ባትሪ 28 ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት። የአኳው 20 ክፍል ነው። ሲደክም ብዙ ጊዜ የሚቀድመው አንዱ ወይም ሁለቱ ክፍል ነው፣ ሁሉም ባንዴ አይሞትም። ከመግዛት በፊት ኮምፒዩተር ሰክቶ የየክፍሉን ቮልት ማየት ይቻላል። መኪናው ዳገት ሲወጣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ ታሟል ማለት ነው። ከዚያ ለወንድሜ ብሎ የጻፈው ለሁላችሁም ይጠቅማል። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከኋላ መቀመጫው አጠገብ ባለች የፕላስቲክ ወንፊት በኩል ነው። የእኛ ከተማ አቧራ እዚያ ገብቶ ከማራገቢያው ጋር ይጣበቃል። ሰው ደግሞ የልጅ ጃኬትና ፌስታል እዚያው ላይ ይከምራል። ባትሪው ሙቀት ሲበዛበት መኪናው ኤሌክትሪኩን መጠቀም ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ነዳጁ ይጨምራል። ብዙ ሰው ሃይብሪዴ መብላት ጀመረ ብሎ ሲመጣ እሱ መጀመሪያ የሚከፍተው ያችን ወንፊት ነው። ማጽዳቱ ደግሞ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

የናፍጣውንም አልተወውም። ከአውሮፓ የገባው የኢንጄክተር ችግር ካመጣ ዕቃው ውድ ነው፣ የቶዮታው ዕቃ ግን በየሱቁ አለ። በዚህ አልተቃወምኩትም፣ ምንም እንኳ ከነዳጅ ፍጆታ ጥያቄው ትንሽ ወጣ ያለ ቢሆን።

22ኛ መልስ። አዳማን ይዞ የፎከረው የ17ኛው ሰው ተመለሰ። መኪናውን ከሜክሲኮ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ብቻ ሲመላለስ ሰንብቶ፣ እንደተባለው እዚያው ማደያ አስሞልቶ ለካ። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር መጣ። ቁጥሩን ሳይሸሽግ ነው የጻፈው፣ አከበርኩት። 3ኛዋ እህት ወዲያው አመሰገነችውና የጎማውን ነፋስ ለክቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልለካም ነበር። አሁንም በሳምንት ሁለት ጊዜ አዳማ ዕቃ ጭኖ የሚመላለስ ሰው ናፍጣ ይግዛ ባይ ነው፣ እኔም በዚህ አልከራከረውም። የመሃል ከተማውን ግን በ12 እና በ19 መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ቢሆን ማደያ ላይ ያየዋል። ከሃያ ሁለት ወዲህ የምትጽፉ ሰዎች፣ መንገዱን፣ የነዳጁን ዓይነትና የሞላችሁበትን መንገድ ሳትረሱ ጻፉልን። ቪትዝ የሚነዱ ወንድሞችና እህቶችም ቁጥራቸውን ቢያመጡ ደስ ይለኛል፣ ተራ ቤንዚን ያለ ሃይብሪድ በዚሁ መንገድ ላይ ስንት እንደሚሄድ እስካሁን ማንም አልለካልንም።